ውጤቱ ይለጠፍ

በአዲስ አበባ፣ በተክለ ሃይማኖት ዙሪያ፣ ከሶማሌ ተራ እስከ አብነት ባለው ሰፈር፣ ውኃ የሚበክለው ሥራ ፋብሪካ አይመስልም። ጭስ ማውጫ የለውም፤ የግንብ አጥርና ዘበኛ የለውም። የወረደ ካምቢዮ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ በናፍጣ ይታጠባል፤ ቴስታታ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈጋል፤ የሞተ ባትሪ ሲገለበጥ አሲዱ የሟሟ እርሳስ ይዞ መሬት ላይ ይፈሳል፤ ላቫጆው ከመኪና ሆድ ሥር የተጋገረውን ግሪስና ጭቃ በሳሙና አላቆ ወደ ቦዩ ይሰደዋል። የተቃጠለ ዘይት እንኳ ገዢ አለው። ግንበኛ ኮንክሪት የሚሞላበትን ጣውላ ይቀባበታል፣ አጥር የሚያጥር ሰው ግንዱን ከምስጥ ያድንበታል፤ ስለዚህ በጀሪካን ተጠራቅሞ ይሸጣል። ቦይ ውስጥ የሚገባው ገዢ ያጣው ነው፦ ዕቃ የታጠበበት ናፍጣ፣ የወለሉ እጣቢ፣ የባትሪው አሲድ። ከአንድ ጋራዥ የሚወጣው በቀን ከአንድ ባልዲ ላይበልጥ ይችላል። ይሁንና የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለዓመታት ሲያስተምርበት የኖረው ስሌት አንድ ጋሎን የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊያበላሽ ይችላል ይላል። ባልዲዎቹ የት እንደሚደርሱም የታወቀ ነው። የአዲስ አበባ ቦይ በትንሿም ሆነ በትልቁ አቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አዋሽ ነው፤ አዋሽ ላይ ቆቃ አለ፣ ወንጂ አለ፣ መተሐራ አለ፣ ከብቱን የሚያጠጣ አፋር አለ። ለነዋሪው ያልተነገረው በዚህ ቦይ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እርሳስ፣ ስንት ሚሊግራም ዘይት እንደሚሄድ ነው። ስለ ኢንዱስትሪ ፍሳሽ ስንነጋገር ሕግ፣ ማጣሪያ ጣቢያና ቅጣት እናነሳለን። የእኔ ክርክር ከሦስቱም የሚቀድም ነገር ጎድሎናል የሚል ነው፦ ከእያንዳንዱ ፋብሪካና ከእያንዳንዱ የጋራዥ ሰፈር መውጫ ላይ የተለካው ውጤት፣ ስምና ቀን ተጽፎበት፣ ሕዝብ እንዲያየው መውጣት አለበት።

ሕግስ አልጎደለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ቀድመው ሥራ ላይ ለነበሩ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ከደረጃው እንዲያደርሱ የ5 ዓመት እፎይታ ሰጥቷቸው ነበር። እፎይታው በ2006 ዓ.ም. አብቅቷል። ደረጃውም በወሬ የቀረ አይደለም፣ ቁጥር አለው። ቆዳ ፋብሪካ በሚለቀው በአንድ ሊትር ፍሳሽ ውስጥ ጠቅላላ ክሮሚየም ከ2 ሚሊግራም፣ እጅግ መርዛማ የሆነው ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ደግሞ ከ0.1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። የአሲድነቱ ልክ ከ6 እስከ 9 መሆን አለበት። በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ለማቃጠል የሚያስፈልገው ኦክስጅን ለቆዳ ፋብሪካ በሊትር 500 ሚሊግራም፣ ለጨርቃ ጨርቅ 150 ሚሊግራም ወሰን ተቆርጦለታል። ይህን ሁሉ እንዲያስፈጽም የተቋቋመው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በሃያ ዓመት ውስጥ ባለሥልጣን ነበር፣ ሚኒስቴር ሆነ፣ ኮሚሽን ሆነ፣ አሁን ተመልሶ ባለሥልጣን ሆኗል። ማኅተም በተቀየረ ቁጥር ፋይል የሚቆጥር ሰው እንደሚቀየር የኢትዮጵያ ቢሮ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ የወንዙ ቀለም ግን ከማኅተሙ ጋር አልተቀየረም።

ለምን አልተቀየረም ለሚለው የተለመደው መልስ ቁርጠኝነት ስለጠፋ ነው የሚል ነው። መልሱ አንጀት ያርሳል እንጂ ምን እናድርግ ለሚል ሰው አይጠቅምም። እኔ የማየው ምክንያት ከዚህ ይጠብባል። 2 ሚሊግራም ክሮሚየም በዓይን አይታይም፣ በአፍንጫም አይሸተትም። ቦይ ዳር የሚቆም ደንብ አስከባሪ የሚያየው ቀለም ነው፤ የሚያነፍገው ሽታ ነው። ከቢራ ወይም ከአረቄ መጥመቂያ የሚወጣ ፍሳሽ መልኩ ጥቁር ሽታውም የሚያባርር ቢሆንም አብዛኛው ባክቴሪያ የሚበላው የእህል ቅሪት ነው። ከብረት ቅብና ከባትሪ ሥራ የሚወጣው ውኃ ግን ጠርቶ ሊፈስ ይችላል፤ የያዘውን ብረት የሚበላ ባክቴሪያ የለም፤ አፈር ላይ ያርፋል፣ ሰላጣ ውስጥ ይገባል፣ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከያ ደንብ አውጥታ ለድርጅቶች በመቶ ሺዎች ብር የሚቆጠር ቅጣት መጣል ጀምራለች። ከቀድሞው አዋጅ የገንዘብ ቅጣት ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የድሮው ለድርጅት ከጥቂት አሥር ሺህ ብር የማይዘል፣ ለአንድ ፋብሪካ የሻይ ወጪ የሚባል ነበር። ሆኖም ቅጣቱ የሚይዘው የተያዘውን ነው፤ የሚያዘው ደግሞ በቀን ብርሃን ቱቦውን ወንዝ ላይ የከፈተው ነው። ሚሊግራሙን የሚይዘው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው። ስለ አዲስ አበባ የሚጽፉ ጥናቶች ከአሥር ኢንዱስትሪ ዘጠኙ ፍሳሹን ሳያጣራ ይለቃል የሚል አኃዝ እየተቀባበሉ ሲጠቅሱ ዓመታት አልፈዋል። አኃዙ የቆመው ችግሩ ስለቆመ ነው ወይስ ከዚያ ወዲህ ፋብሪካ በፋብሪካ የተለካ ውጤት ስላልወጣ? ለመመለስ የሚያስችል ሰነድ በሕዝብ እጅ አለመኖሩ ራሱ መልስ ነው።

ማጣሪያ ማቆምና ፍሳሽ ማጣራት የተለያዩ መሆናቸውን ከጃፓን በላይ በውድ ዋጋ የተማረ አገር የለም። ሚናማታ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ቺሶ የተባለው የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሹን ወደ ወሽመጡ ይለቅ ነበር፤ ዓሣ የበሉ ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ሞቱ፣ ከዚያ ሰው ታመመ፤ በሽታው በይፋ የተመዘገበው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። በ1959 መጨረሻ ላይ ድርጅቱ «ሳይክሌተር» የተባለ ማጣሪያ ተከለ፤ በምረቃው ዕለት ፕሬዚዳንቱ ከማጣሪያው ወጣ የተባለውን ውኃ በብርጭቆ ቀድቶ በሰው ፊት ጠጣ። ኋላ በፍርድ ቤት እንደታወቀው ያ ማጣሪያ ኦርጋኒክ ሜርኩሪ ለማስወገድ የተሠራ አልነበረም፤ ሜርኩሪውን የሚያወጣው ክፍል ፍሳሽም በዚያን ጊዜ በዚያ ማጣሪያ በኩል አያልፍም ነበር። መንግሥት የበሽታው ምክንያት የፋብሪካው ፍሳሽ ነው ብሎ ያመነው በ1968 ነው፤ ማጣሪያው ተመርቆ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ዘጠኝ ዓመት ሕዝብ ያንኑ ዓሣ በላ። ታሪኩን የማነሳው ፋብሪካዎቻችን ቺሶ ናቸው ለማለት አይደለም። «ማጣሪያ አለን» የሚለው ቃል ምን ያህል ባዶ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የፋብሪካ ጉብኝት ዘገባ ሁሉ የሚያበቃው በዚሁ ቃል ነው።

ባዶ የሚያደርገው ክፋት ብቻ አይደለም፣ ሂሳብ ነው። ማጣሪያ ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ብድር ይገኝለታል፣ ለጋሽ ይገኝለታል፣ ምረቃም ይኖረዋል። ለማንቀሳቀስ የሚወጣው ግን በየቀኑ ነው፤ የአየር መንፊያው ሞተር የመብራት ሂሳብ፣ ከውጭ የሚመጣው ኬሚካል፣ ኖራው፣ ዝቃጩን የሚጭነው መኪና፣ ሌሊት ተረኛ የሆነው ባለሙያ። ከዚህ ወጪ ሁሉ አንድ ብር ትርፍ አይመለስም። ሥራ አስኪያጁ መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ጄኔሬተሩን ለማምረቻው ወይስ ለማጣሪያው ያስነሣል? ውጤቱን ማንም እንደማያይ ካወቀ መልሱ ግልጽ ነው። የባክቴሪያ ገንዳ ደግሞ ሲጠፋ ጠፍቶ ሲበራ የሚበራ አምፖል አይደለም፤ አየር ያጣ ባክቴሪያ ይሞታል፣ ተመልሶ ለማገገም ሳምንታት ይፈጅበታል። ሌላም ቀዳዳ አለ። ደረጃው የተጻፈው በሊትር ስለሆነ ፍሳሹን በንጹሕ ውኃ አበራክቶ ቁጥሩን ማውረድ ይቻላል፤ መርዙ ያው፣ ሚሊግራሙ ግን በሊትር ሲካፈል ያንሳል። ነዋሪው ውኃ በፈረቃ በሚያገኝበት ከተማ ይህ ድርብ በደል ነው። ስለዚህ መታተም ያለበት በሊትር ያለው መጠን ብቻ ሳይሆን በቀን የወጣው የፍሳሽ ብዛት ጭምር ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ ወንዙ የተቀበለው ጠቅላላ ክብደት ይታወቃል። ፋብሪካው የገዛው ውኃ በውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቆጣሪ ላይ ስላለ ማመሳከሪያም አይጠፋም፤ የራሱን ጉድጓድ የቆፈረውም ቆጣሪ ያስገባ።

ማተም ብቻውን ምን ይለውጣል የሚል አንባቢ ኢንዶኔዥያን ይመልከት። በ1995 እ.ኤ.አ. የዚያ አገር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደኛው ገንዘብም፣ ተቆጣጣሪም፣ የሚያግዝ ፍርድ ቤትም አልነበረውም። ያደረገው 187 ፋብሪካዎችን ለክቶ በቀለም መመደብ ነው፤ ወርቅ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ሰማያዊ ማለት ሕጉን አሟልቷል ማለት ነው፤ ጥቁር ማለት ለማጣራት ምንም አልሞከረም ማለት ነው። መጀመሪያ የተመሰገኑት አምስቱ አረንጓዴዎች ብቻ በይፋ ተነገሩ፤ ቀዮቹና ጥቁሮቹ ስማቸው ከመውጣቱ በፊት ስድስት ወር ተሰጣቸው። በመጀመሪያው ምደባ ሕጉን ያሟሉት ከሦስት አንድ ያህሉ ነበሩ፤ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ግማሽ ገደማ ደረሱ። አዲስ ሕግ አልወጣም፣ የሚያቀልጥ ቅጣትም አልተጣለም። ጎረቤት አወቀ፣ አበዳሪ ባንክ አወቀ፣ የውጭ ገዢ አወቀ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ከቱቦው የሚወጣውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር አወቀ። ይህ የመጨረሻው ይዘነጋል እንጂ ብዙ የፋብሪካ ባለቤት የራሱን ፍሳሽ ውጤት አይቶ አያውቅም። በእኛ አገር ኀፍረት ከገንዘብ ቅጣት የከበደ መሆኑን ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች ጠንካራው የገንዘብና የሥራ ጉዳይ ነው። ፋብሪካው የውጭ ምንዛሬ አጥቶ በግማሽ አቅሙ በሚሠራበት ጊዜ ማጣሪያ አንቀሳቅስ ማለት ዝጋ ማለት ነው፤ ሲዘጋ የሚባረረው ሠራተኛ ነው ይባላል። ይህ በቀላሉ የሚገፋ ክርክር አይደለም፤ ድሃ አገር ሥራና ወንዝ ማመዛዘን የለበትም የሚል ሰው ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ነው። ግን ሦስት ነገር መታየት አለበት። አንደኛ፣ አዋጅ 300/1995 ራሱ ብክለትን ለመቆጣጠር ለሚገባ አዲስ መሣሪያ የጉምሩክ ቀረጥ ነፃ መብት ሰጥቷል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ይህን መብት የማያውቅ ባለሀብት ካለ ጥፋቱ የነጋሪው ነው። ሁለተኛ፣ በዚሁ አገር ከባዱን ያደረጉ አሉ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለፋብሪካዎቹ ሁሉ አንድ የጋራ ማጣሪያ ሠርቶ፣ በቀን 11 ሺህ ሜትር ኩብ ተቀብሎ፣ አብዛኛውን መልሶ ለሥራ የሚያውል፣ ወደ ሐይቁ ጠብታ የማይለቅ አሠራር ይዞ ነው የተነሣው። ይህን ያደረገው ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ስለሌለው ነው፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። አቃቂ መውጫ ስላለው ብቻ ለምን ሌላ ሕግ ይኖረዋል? ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ወጪው አሁንም እየተከፈለ ነው፣ ከፋዩ ብቻ ሌላ ነው። በቄራና በፒኮክ አካባቢ በወንዙ ውኃ የሚበቅለውን ቅጠላ ቅጠል የመረመረ ጥናት በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ወጥቷል፤ ብረቶቹ በቅጠላ ቅጠሎቹ ላይ እኩል እንደማይከማቹ፣ ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይበልጥ እንደሚስቡ አሳይቷል። ፋብሪካው ያተረፈውን የኬሚካል ዋጋ የከፈለችው ያንን ቆስጣ ገዝታ ለልጆቿ የሠራች እናት ናት፤ ደረሰኝ ግን አልተቆረጠላትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወንዙን ያበላሸው ፋብሪካ ሳይሆን ሽንት ቤት ነው የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹም ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ የፍሳሽ መስመር ለረጅም ዘመን የደረሰው ከነዋሪው ለአንድ አሥረኛ ያህሉ ነበር፤ ቃሊቲ የነበሩት ኩሬዎች በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ብቻ ይቀበሉ ነበር። አሁን በዓለም ባንክ ብድር ተስፋፍቶ የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲቀበል ሆኖ ነው የታነፀው፤ ለከተማዋ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቃሊቲ የሚሠራው በባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ የሰውን ፍሳሽ ይበላል፤ ክሮሚየምን፣ እርሳስን፣ ካድሚየምን አይበላም። ሲበዛበት ራሱ ይመረዛል። ያልሞተ እንደሆነም ብረቱ ከዝቃጩ ጋር ይወርድና ዝቃጩን ለማዳበሪያ የማይሆን ያደርገዋል። ዘይት ደግሞ የውኃውን ፊት ሸፍኖ አየር ይከለክላል። ስለዚህ የቤቱ ፍሳሽ ሲጣራ የኢንዱስትሪው ነገር በዚያው ያልቃል ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም መስመሩ በሰፋ ቁጥር ወደ መስመሩ የሚገባው የጋራዥና የፋብሪካ ፍሳሽ እዚያው ምንጩ ላይ ካልተጣራ፣ ቃሊቲ ላይ የፈሰሰው የሕዝብ ብድር አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። የሽንት ቤቱ ክርክር ፋብሪካን ነፃ ለማውጣት ይነሳል፤ ተከትለነው ስንሄድ ግን የሚያደርሰን ወደ ፋብሪካው በር ነው።

ወደ ተክለ ሃይማኖት ስንመለስ ሦስተኛውን ተቃውሞ እናገኛለን፤ ጋራዥ ትንሽ ነው፣ ከእጅ ወደ አፍ ነው፣ ማጣሪያ አይችልም። ይህ ስለ ማጣሪያ ትልቅ ነገር ከማሰብ የሚመጣ ስጋት ነው። ለጋራዥና ለላቫጆ የሚያስፈልገው ሦስት ክፍል ያለው የኮንክሪት ጉድጓድ ነው። ውኃው መጀመሪያ የሚገባበት ክፍል አሸዋና ጭቃውን ያስቀራል። ሁለተኛው ክፍል ውኃውን ያዘገየዋል፤ ሲዘገይ ዘይቱ ይንሳፈፋል፤ መውጫው ቱቦ ከላይ ሳይሆን ወደ ታች ዘልቆ ከሥር ስለሚቀዳ ዘይቱ ወደ ኋላ ይቀራል። በሦስተኛው ያመለጠው ይያዛል። መብራት የለውም፣ ሞተር የለውም፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የለውም፤ ጎበዝ ግንበኛና ቧንቧ ሠራተኛ ይሠራዋል። ጠላቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ሳሙና፣ ዘይቱን አድቅቆ ከውኃው ጋር ስለሚያሳልፈው፤ ሌላው መርሳት፣ ካልተጠረገ ከተራ ጉድጓድ ስለማይለይ። ለዚህ ነው ለአምስት ጋራዥ አምስት ከመሥራት ለአንድ ግቢ ወይም ለአንድ መስመር አንድ የጋራ ጉድጓድ መሥራትና የሚጠርገውን በማኅበር ማደራጀት የሚሻለው። የባትሪ አሲድ ግን እዚህ ጉድጓድ አይገባም፤ ለብቻው በፕላስቲክ ዕቃ ተይዞ ባትሪውን ከሚቀበለው ጋር መሄድ አለበት። በወረዳው አቅም፣ በአንድ በጀት ዓመት የሚሆን ነገር ነው። ልኬቱም በየጋራዡ መሆን የለበትም፤ ሰፈሩ ወደ ዋናው ቦይ በሚያወጣበት ማንሆል ላይ ይለካ፣ ውጤቱ የሰፈሩ ውጤት ተብሎ ይለጠፍ። ማን እንዳበላሸው ጋራዥ ጋራዥን ይጠይቃል፤ ከማንኛውም ተቆጣጣሪ ይልቅ እርስ በርስ ይተዋወቃሉና።

ሰፈሩ በልማት ይነሳል፣ ምን አደከመን የሚልም አለ። ሰፈሩ ያለባት ልደታ ይህን ከማንም ቀድማ አይታለች፤ ከአሥር ዓመት በላይ አሮጌ መንደር እየፈረሰ ኮንዶሚኒየምና ፎቅ የቆመባት ክፍለ ከተማ ናት፤ የኮሪደር ልማቱም መጥቶባታል። ግን ጋራዥ ሲነሳ ካምቢዮው በናፍጣ መታጠቡ አይነሳም። ወደ ከተማው ዳር ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ምንጭ ከመሀል ከተማው ይበልጥ ንጹሕ፣ ቁጥጥሩ ደግሞ ይበልጥ ሩቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ለማልማት ሲታቀድ፣ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው የ«ገበታ ለሸገር» እራት በአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር ሲከፈል፣ የተነገረን ስለ ዳርቻው ነበር፤ ስለ ሣሩ፣ ስለ መንሸራሸሪያው፣ ስለ መብራቱ። ዳርቻ መዋቡን አልቃወምም፤ ሰው የሚቀመጥበት ወንዝ ጠባቂ ያገኛል። ሆኖም አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቱ የሚያልፈው ውኃ ምን እንደያዘ በአንዲት ሰሌዳ ቢያነብ፣ ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲነጻጸር የሰሌዳዋ ዋጋ ከቁጥር አይገባም።

አራተኛው ተቃውሞ የባለሥልጣን ነው፤ ውጤት ማተም ሕዝብ ያሸብራል፣ ቤተ ሙከራ ይሳሳታል፣ የንግድ ተወዳዳሪ መሣሪያ ያደርገዋል የሚል። ስለ ስህተቱ እውነት አላቸው፤ መፍትሔውም የታወቀ ነው። ናሙናው በሁለት ጠርሙስ ይወሰድ፤ አንዱን መንግሥት፣ አንዱን ፋብሪካው በመረጠው ብቁ ቤተ ሙከራ ያስመርምር፤ ከተራራቁ ሦስተኛ ይወሰን። እንደ ኢንዶኔዥያው ስድስት ወር የማረሚያ ጊዜም ይሰጥ። ሽብር የሚሉት ግን ከሕጋችን ጋር የሚጋጭ ሐሳብ ነው። አዋጅ 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለባለሥልጣኑ አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን መልስ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቅዶለታል። በዓለም ላይ ይህን ያህል የተከፈተ የክስ በር ያላቸው አገሮች ብዙ አይደሉም። ግን በባዶ እጅ ክስ አይመሠረትም። ከተክለ ሃይማኖት የልደታ ፍርድ ቤት በእግር የሚደረስ ነው፤ ቦዩ በደጁ የሚያልፍ ነዋሪ ችሎት ቢቆም ዳኛው የሚጠይቀው ማስረጃ ነው፣ ማስረጃው ሚሊግራም ነው፣ ሚሊግራሙ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከስሶ ነበር፤ ባለሥልጣኑ ተከሳሽ ሊሆን አይችልም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህም በካይን የመክሰሻው በር ክፍት ቢሆንም የሚገባበት ሰው ጥቂት ነው። ተቆጣጣሪው ሊከሰስ ካልቻለ ቢያንስ በካዩን ለመክሰስ የሚያስችለውን ወረቀት ይስጥ።

ለመጀመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ነጋዴ ሁሉ ፈቃዱን ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያድሳል፤ ፈቃዱንም ለተገልጋይ በሚታይ ቦታ ይሰቅላል። ፍሳሽ የሚያወጣ ድርጅት ፈቃዱን ሲያድስ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ የፍሳሽ ውጤቱን አያይዞ ያቅርብ፤ ያንኑ ወረቀት ከፈቃዱ ጎን ይስቀል፤ የከተማዋ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንም ሁሉንም ሰብስቦ በድረ ገጹና በየክፍለ ከተማው የማስታወቂያ ሰሌዳ ያውጣ። ጋራዦች ባሉበት ሰፈር ወረቀቱ የማኅበሩ ይሁን። የምርመራውን ዋጋ ፋብሪካው ይክፈል፤ የጋራዥ ሰፈሮቹን ግን ከወንዝ ብክለት ቅጣት ከሚሰበሰበው ገንዘብ ከተማው ይሸፍንላቸው። ውጤት የሌለው ስሙ ከነባዶ ሣጥኑ ይታተም፤ ባዶ ሣጥን ራሱ ዜና ነው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይጻፍ። ናሙናው የሚወሰደው በበጋ፣ በጥር ወይም በየካቲት፣ ቦዩ የራሱን ብቻ ይዞ በሚወርድበት ጊዜ፣ ቀኑም ለፋብሪካው ሳይነገር ነው። በሐምሌ ከተወሰደማ ዝናቡ ለሁሉም ደረጃውን ያሟላላቸዋል።